የታልሜራ ድግጣ

በዘቢራ ግዛት፣ ነፋስ ሳይነፍስ፣ የድግጣ ቁጥቋጦ ሁሉ ቢጫ አበባውን በአንዲት ማለዳ አረገፈ። ጠቢባኑ የምልክቱን ፍቺ ሲከራከሩ ሰነበቱ፤ እነርሱ ሳይስማሙ ወንዙ ደረቀ። ሞጋድ የተባለው ዘንዶ በሲራ ሐይቅ መውጫ ላይ ተጋድሞ ውሃውን በገላው ገድቦት ነበር።

ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ኦርጌ ግን መላ አላጣም። «እኛ የድግጣ ፍሬ ወቅጠን ውሃ ላይ ስንበትን ዓሣው ይሰክራል» አለ በሸንጎው ፊት። «ለዘንዶ ግን ፍሬው አይበቃም፤ ሥሩም መወቀጥ አለበት።»

በዘቢራ ልጅ ሲወለድ በስሙ ድግጣ ይተከላል፤ ሥሩ የተወቀጠበት ሰው ከሚያውቁት ሁሉ ልብ ይፋቃል። በድርቁ የሁሉም ድግጣ ጠውልጎ ኃይሉን አጥቷል። ለምለም የቀረው የወጣቷ የታልሜራ ብቻ ነበር፤ እናቷ ዘርሚን ከምትጠጣው እየቀነሰች ስታጠጣው ከርማለች።

«ልጄ፣ ከጉሮሮዬ ነጥቄ ያጠጣሁት ልረሳሽ ነው?» አለች ዘርሚን።

«እማዬ፣ ዝም ካልኩ በጥም ትሞቺብኛለሽ» አለቻት ታልሜራ። ከዚያም ቀኝ እጇን አንሥታ ማለች፤ «ሰማይና ምድር ይስሙኝ። ወንዙን ሳላስለቅቅ ወደ ቤቴ አልመለስም።»

ድግጣዋን ነቅላ ከኦርጌ ጋር ወጣች። እሳት የሚተነፍሰውን የጎራም ሸለቆ አቋርጠው በሦስተኛው ቀን ሐይቁ ደረሱ። ኦርጌ ሥሩን መውቀጥ ጀመረ። «ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አላት።

ታልሜራ ዱቄቱን በስልቻ ይዛ ጠለቀች። ሞጋድ ሊውጣት አፉን ሲከፍት ስልቻውን ጉሮሮው ውስጥ ሸጎጠችው። ጅራቱ ግራ ክንዷን ሰበረው። ከዚያ ግን ግዙፉ ገላ ዛለ፤ የታገደው ውሃም ገንፍሎ ዘንዶውን ገደል ከተተው።

እየተጎተተች ዳር ስትወጣ ኦርጌ ደንግጦ ጋቢውን ደረበላት። «ከየት መጣሽ? ማን ልበልሽ?» አላት። እሷም ጋቢውን ተከናንባ ወደ አገሯ አቀናች።

አገሯ ስትደርስ ሕዝቡ ወንዙ ዳር ይጨፍራል። ዘርሚን እንስራዋን ሞልታ ለማንሣት ትታገል ነበር። ታልሜራ ቀረብ አለች።

«እማማ፣ ላግዝዎት?»

እናቷን አንቱ ስትል የመጀመሪያዋ ነበር። እንስራውን በደህናው ትከሻዋ ተሸክማ እስከ ደጃፉ አደረሰችላት።

«ተባረኪ» አለች ዘርሚን፣ የተሰበረውን ክንዷን በሐዘኔታ እያየች። «እናትሽን ያኑርልሽ።»

«አሜን» አለች ታልሜራ።