ጉንጉኗን ቆርጣ የወረደችው ልጅ

«አባባ፣ መሰላሉን ያዙልኝ። ልወርድ ነው።»

ቀና ስል ልጅቷ አንድ እግሯን በመስኮቱ አውጥታለች። እኔ የቤቱን ግድግዳ ኖራ እየቀባሁ ነበር።

«በሩስ?» አልኳት።

«ቁልፉ በሩ ውስጥ ተሰብሮብን ነው። አክስቴ በመስኮት ውረጂ ብላኛለች።»

አመንኳት። መሰላሉን ያዝኩ።

ልጆች፣ ይህችን ልጅ ሰፈሩ «ወፊቱ» ይላታል፤ ከመስኮት አትጠፋማ። ዕድሜዋ አሥራ ሁለት ነው። ልብስ ሰፊ ከሆነች አክስቷ ጋር ፎቅ ላይ ትኖራለች። እናቷን መኪና ገጭቶ ገደለባት። ከዚያ ወዲህ አክስቷ መንገድ የሚባል ነገር ፈራች። ስትወጣ በሩን ከውጭ ትቆልፍባታለች። ጠዋት ጠዋት ረጅም ጸጉሯን እየጎነጎነች፣ «ውጭ ምን አለሽ? ሁሉም እዚህ አለልሽ» ትላታለች። ወፊቱ ግን እልኸኛ ናት። ትምህርት ቤት መሄድ ትፈልጋለች። መሮጥም ትፈልጋለች። ተረት ቢሆን ኖሮ የንጉሥ ልጅ በፈረስ ይመጣላት ነበር። እሷ ያገኘችው የእኔን መሰላል ነው።

ወረደች። ጸጉሯ አጭር ሆኗል። ምን ነካሽ ሳልላት በግቢው በር ወጥታ ሮጠች።

ብሩሼን ሳላነሳ አክስቷ ከገበያ ተመለሰች። ወደ ላይ ወጣች። ከዚያ ጩኸቷ ሰፈሩን አናጋው። የተቆረጠውን ጉንጉን በእጇ ይዛ ወረደች። መሰላሉን አየች። እኔን አየች።

«ልጄን የት አደረግሃት?»

«በመስኮት ውረጂ ብለሻት የለም እንዴ?»

«እኔ? ያዙት። በመሰላል ገብቶ ወስዷታል።»

ጎረቤቷ ባለ ልኳንዳው ክንዴን ወደ ኋላ ጠመዘዘው። «ሽበቱን አያፍርም» አለ። ከተሰበሰቡት ሰዎች አንዱ ፖሊስ ሊጠራ ሄደ።

ወፊቱ መንገዱ ጥግ ደርሳ ነበር። ጩኸቱን ሰማች፤ ዞር ብላም አየችኝ። ልጆች፣ ከፊቷ ሰፊው አስፋልት አለ። እሷን ማንም አላየም። ጥጉን ብትታጠፍ አለቀ። እናንተ ብትሆኑስ? እግሯ ሂጂ ይላታል። እግዚአብሔር የሰጣት ልብ ደግሞ አይ ይላታል።

ተመለሰች።

«ልቀቋቸው። የዋሸሁት እኔ ነኝ። አክስቴ ፈቅዳለች ያልኳቸው እኔ ነኝ። ጸጉሬንም ራሴ ነኝ የቆረጥኩት።»

ባለ ልኳንዳው ክንዴን ለቀቀ።

«ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለች አክስቷ።

«ስንቴ ነገርኩሽ። ቆለፍሽብኝ። ለውሸቴ ቅጪኝ፣ እቀበላለሁ። ግን መውጣት እፈልጋለሁ።»

አክስቷ በእጇ የያዘችውን ጉንጉን ተመለከተች።

«እህቴ፣ ልጅቷ እኮ በገዛ እግሯ ነው የተመለሰችልሽ» አልኩ።

አክስቷ ቁልፉን ከጉያዋ አውጥታ በልጅቷ መዳፍ ላይ አኖረችው። «ሳይመሽ ትገቢያለሽ» አለቻት።

ወፊቱ ወደ እኔ መጣች። የተጠመዘዘውን ክንዴን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ይቅር በሉኝ፣ አባባ። ሁለተኛ እኔ ነፃ ልውጣ ብዬ በውሸቴ ሌላ ሰው አላስይዝም።»