የሜዳው ክብደት

«ሃያ ሦስት» አሉ የውድድሩ መዝጋቢ፣ ቀና ሳይሉ።

ጭራሮ ጆሮዋን አላመነችም። በቅጥነቷ የተነሳ ሰው ሁሉ ጭራሮ የሚላት ይህች የአስራ አምስት ዓመት ልጅ፣ ከሰፈሯ ሜዳ ወጥታ ጎልፍ ስትጫወት የዛሬው የመጀመሪያዋ ነው።

«ይቅርታ እትዬ፣ ተሳስተው እንዳይሆን። የኔ ሃንዲካፕ አስራ አራት ነው።»

ሴትዮዋ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉ። በጎልፍ ጥቂት ምት የመታ እንደሚያሸንፍ፣ ሃንዲካፕም ደካማው ከጎበዙ እኩል እንዲፎካከር መጨረሻ ላይ ከምቱ የሚቀነስለት ቁጥር መሆኑን ጭራሮም ታውቃለች። ያላወቀችው የሜዳውን ነገር ነው።

«የእናንተ ሰፈር ሜዳ ለጥ ያለ ነው። ይኼ ዳገት አለው፣ ኩሬ አለው፣ አሸዋው ውስጥ የገባ ኳስ በቀላሉ አይወጣም። ስለዚህ እንደ ሜዳው ክብደት ቁጥሩ ከፍ ይላል። አስራ አራት ቢሆን አስራ ስድስት አደርግልሽ ነበር። ለኛ የተላከው ግን ሃያ ነው፤ ሃያው እዚህ ሃያ ሦስት ይሆናል።»

ውጤቷን በየጊዜው የሚልከው አባቷ ነው። ዞር ብላ አየችው። የጫማ ክር እንደሚያስር ሰው ጎንበስ ብሏል፤ ጫማው ግን ክር የለውም።

እጅጌውን ይዛ ወደ ዳር ወሰደችው።

«አባዬ፣ ምን አድርገህ ነው?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል። ላሸነፈ ልጅ አሰልጣኝ ይመደብለታል። እኔ ከየት አምጥቼ ልቅጠርልሽ? የምላከው ውጤትሽ ላይ ጥቂት ምት ጨመር አደረግኩ እንጂ ማንን ገደልኩ?»

ጭራሮ ትንሽ ልጅ ሳለች ኳሷን በእግሯ ገፋ ስታደርግ ይዟት፣ እያለቀሰች ከመጀመሪያው ያስጀመራት እሱ ነበር። ያ ሰውና ይህ ሰው አንድ መሆናቸው አዞራት።

ድንቢጥ፣ የልብ ጓደኛዋ፣ ዱላዎቿን እያንቋቋች መጣች።

«አንቺ፣ ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ? ፈራሽ እንዴ? እኔ አስራ ሰባት ተሰጠኝ። ኩሬውን አይተሽዋል? ኳሴን ሙልጭ አድርጎ ነው የሚበላው። አንቺስ ስንት?»

ዛሬ የምትፎካከረው ከዚህች ልጅ ጋር ነው። ሰፈር ውስጥ አንድ ጊዜ ይቺ ብታሸንፍ አንድ ጊዜ ያቺ ታሸንፋለች።

«ገና አልታወቀም» አለች ጭራሮ። «ዱላዬን ያዥልኝ።»

«ልጄ» አለ አባቷ ከኋላ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሰምታዋለች። ግን ወደ መዝጋቢዋ ተመልሳ ሄደች።

«እትዬ፣ ሃያው ትክክል አይደለም። ዛሬ መጫወት ከተከለከልኩም እሺ።»

ሴትዮዋ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና አተኩረው አዩዋት። «ማነው እንዲህ አድርጎ የላከው?»

ይህን ጥያቄ አላሰበችበትም።

«አባቴ ነው። እዚሁ ነው ያለው» አለች። «ራሱ እንዲነግርዎ ልጥራው።»

ዞራ ወደ አባቷ መራመድ ጀመረች።