አስቀድመህ ንገረኝ

ሀስና ቆቦ መናኸሪያ አጠገብ ባለው ፋርማሲ ውስጥ፣ ለአንዲት እናት የልጇን የሳል ሽሮፕ አወሳሰድ እያስረዳች ነበር። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ በርቶ አንድ ፎቶ ወጣ። አየት አደረገችው፤ ዓይኗ ግን ከዚያ አልነሳ አለ።

ከትውልድ ቦታዋ ከጎብዬ በታች ያለው ወንዝ ድንገት ሞልቶ ነበር። ፎቶው ውስጥ፣ አሸዋው ላይ ሸሚዙ ተቀዶ ደረቱ የተራቆተ፣ ፊቱ በጭቃና በደም የተሸፈነ ሽማግሌ ተዘርሯል። ክንዱ ላይ ያለውን ጠባሳ ለየችው። አባቷ ናቸው። ጠርሙሱ ከእጇ አምልጦ ተሰበረ።

ሚኒባሱ ጎብዬ እስኪደርስ ስታለቅስ ተሳፋሪው ሁሉ አብሯት አለቀሰ። ጤና ጣቢያ ስትገባ ግን አባቷ ጋሽ ኢብሮ ግንባራቸው በፋሻ ተጠቅልሎ አልጋ ላይ ተቀምጠዋል። ጎርፍ የወሰደባቸው ጊደር ተገኝታ እንደሆነ ነርሷን ይጠይቃሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ሆንሽ?» አሏት ደንግጠው።

እግራቸው ላይ ወድቃ አንዴ ሳቀች፣ አንዴ አለቀሰች።

በሦስተኛው ቀን ፎቶውን ያወጣውን ሰው ፈልጋ ሄደች። ዘካሪያስ ይባላል። ቆቦ ዋናው መንገድ ላይ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችው፤ የሠርግና የጉርድ ፎቶ ያነሳል፣ በፌስቡክ ገጹ ላይ ደግሞ የራያን ቆላ ውሎ ያሳያል።

«ይሄንን ያነሳኸው አንተ ነህ?» አለችና ስልኳን ፊቱ ላይ ዘረጋችው።

«እኔ ነኝ።»

«ሰውየው አባቴ ነው።»

ከመቀመጫው ተነሳ። «አላህ ያሽራቸው። መትረፋቸውን በሰማሁ ጊዜ...»

«አንተ ሰምተሃል። እኔ አልሰማሁም ነበር። ስልኬን ከፈትኩ፣ አባቴ ሞቶ ወጣልኝ።»

ዘካሪያስ አንገቱን ደፋ። ቢሆንም ዝም አላለም። «ባላወጣው ኖሮ ግን በጎርፍ ለተጎዱት ማን ይደርስላቸው ነበር? ያን ዕለት ብርድ ልብስና እህል የጫነ መኪና ከቆቦ የተነሳው ሰው ፎቶውን አይቶ ነው።»

«መች አታውጣ አልኩህ? አስቀድመህ ንገረኝ ነው የምልህ። መርዶ የሚያረዳ ሰው እንኳ መጀመሪያ ቁጭ በይ ይላል።»

ብዙ ጊዜ ያሰበበት መልስ ነበረው፦ ማስጠንቀቂያ ከተጻፈ ሰው ሳያይ ያልፋል፣ ካላየ አያዝንም፣ ካላዘነ አይረዳም። እርጥብ ዓይኗን ሲያይ ግን ሊናገረው አልቻለም። እፊቷ ስልኩን አወጣና ፎቶውን ገጹ ላይ እንዳይታይ ሸፈነው፤ ከላዩም «አስደንጋጭ ምስል» ብሎ ጻፈበት።

«ይሄማ የመድኃኒት ካርቶን ላይ ያለ ጽሑፍ ነው» አለች። «እንደ ሰው ጻፈው።»

«እስቲ አንቺ በይልኝ።»

አሰበች። «በጎርፍ የተጎዱ አባት ፎቶ ነው። ቆስለዋል፣ ግን በሕይወት አሉ። ማየት የሚከብደው ሰው እዚህ ላይ ይብቃው፤ መርዳት ግን ሳያይም ይችላል።»

እሱም ቃል በቃል ጻፈው። ጽፎ ሲጨርስ ቀና አለ፤ ዓይን ለዓይን ተያዩ። መጀመሪያ ወደ መሬት ያየችው ሀስና ናት።

ከዚያ ወዲያ የሚከብድ ፎቶ ባነሳ ቁጥር መጀመሪያ ለእሷ ይደውላል። ምስሉን በቃል ይነግራታል፣ እሷም ከፊቱ የሚጻፈውን ትነግረዋለች። ሰው ደግሞ ዘካሪያስ እንደፈራው ሳያይ አላለፈም፤ እያነበበ ቆመ፣ ረዳም። አንድ ቀን ከሥራ ልትወጣ ስትል ደወለ።

«ዛሬ ምንም መጥፎ ፎቶ የለኝም» አላት።

«ታዲያ ለምን ደወልክ?»



«ለዚሁ ነው የደወልኩት።»

ሀስና ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው።

ችግሩ ጋሽ ኢብሮ ነበሩ። ጎብዬ ገበያ በወጡ ቁጥር የሚያውቃቸው ሁሉ «ደረትህን እኮ በስልክ አየነው» እያለ ያሾፍባቸዋል። ሀስና ዘካሪያስ ሊያገባት እንደሚፈልግ ስትነግራቸው ዱላቸውን መሬት ላይ መቱት።

«ራቁቴን ለአገር ያሳየኝ ልጅ? ደጄን እንዳይረግጥ!»

እሷም አባቷን እምቢ ብላ አትሄድም፣ እሱንም አትተውም። ይህንን በለቅሶ ስትነግረው ዘካሪያስ በማግስቱ ብቻውን ጎብዬ ወረደ። ጋሽ ኢብሮ ማሽላቸው ዳር ወፍ ሲጠብቁ አገኛቸው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ። ዘካሪያስ ነኝ። ሽምግልና አይደለም፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«ወአለይኩም ሰላም። ያን ቀን ከውሃው አውጥተኸኛል?» አሉት ፊታቸውን ሳያዞሩ።

አዎ ቢል የሚያስተባብለው አልነበረም።

«አላወጣሁዎትም። ሌሎች አውጥተው ሲያስተኙዎት ደረስኩ። ሁለት ጊዜ ካነሳሁ በኋላ ነው ጋቢዬን ያለበስኩዎት። መጀመሪያ ማልበስ፣ ለልጅዎም መንገር ነበረብኝ።»

ጋሽ ኢብሮ ዘወር ብለው ትኩር ብለው አዩት። ድንገት ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

«ከጎርፉ ወዲህ እኔ ነኝ ያወጣሁህ ያለኝ ሰው አርባ ደርሷል! አላወጣሁህም ያለኝ አንተ ብቻ ነህ። ሽማግሌ ላክ። ማሽላው ሳይታጨድ ይምጡ፣ ኋላ ጊዜ የለኝም።»

ዘካሪያስ ወደ ቆቦ የሚሄድ ሚኒባስ እስኪያገኝ አልጠበቀም፤ እዚያው እማሳው ዳር ቆሞ ደወለላት። ቃል ከአፉ ሳይወጣ በትንፋሹ ብቻ ገባት፤ ፋርማሲው ውስጥ ጮኸች።

ኒካው በጥር ታሰረ። ሙሽሮቹን የጫነችው መኪና ከጎብዬ ስትነሳ ጥሩምባው ሰማይ ይነካ ነበር። ቆቦ ልትገባ ስትል ግመሎች አስፋልቱን ሞልተው አስቆሟት። ሹፌሩ ጥሩምባውን ቢያንጫርር ቢለፈልፍ ግመሎቹ አልቸኮሉም። አጃቢ ሴቶቹ ከኋላ ወርደው እዚያው መንገዱ ላይ ጭፈራውን አቀለጡት።

«እንውረድ እንዴ?» አላት ዘካሪያስ።

«ቆይ፣ ትንሽ እንቀመጥ» አለችና ሰው ሁሉ እያየ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ራሷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች።