የጌታሁን ድንጋይ

በሩ ላይ ሲደርሱ ይግዛው በቅሎዋን አቆመና ከመሬት ሁለት ድንጋይ አነሣ። አንዱን ለመምህርቷ ሰጣት።

«የድንጋዩ ክምር ላይ አኑሪው» አላት። «ስትመለሺ አንሥተሽ ቁልቁል ትወረውሪዋለሽ። እስከዚያ ውስጥ ነሽ ማለት ነው።»

«ካልተመለስኩስ፣ ጋሼ ይግዛው?»

«እዚያው ይቀመጣላ።»

በሩ የሚሉት ከግዳን ደጋ በላይ ሁለት ገደል የተፋጠጠበትን ጠባብ መተላለፊያ ነው። ከኋላቸው፣ ከእግራቸው በታች እጅግ ርቆ፣ የራያ ሜዳ ከነጥቅምት ማሽላው ተዘርግቷል። ከፊታቸው ጥንድ ባሕር የሚባለው ሸለቆ አለ። ክምሩ ላይ ባለቤቶቻቸው ያልተመለሱላቸው ሠላሳ ያህል ድንጋዮች ተቀምጠዋል።

ፍሬዓለም ድንጋዮቹን አይታ ፈገግ አለች። ጂኦግራፊ የሚያስተምር ሰው በቀላሉ አይፈራም፤ ቢፈራም ስም ያወጣለታል። ከደብረ ማርቆስ ተመድባ ቆቦ ከመጣች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። በጥንት ዘመን የአገራችን ተራሮች አናት ላይ ግግር በረዶ ነበር፣ ሲንሸራተትም ድንጋዩን ቧጭሮ ሐይቅ ቆፍሯል እያለች ስታስተምር ከርማ፣ አንድ ተማሪ «የት አይተሽው ነው፣ ቲቸር?» ሲላት መልስ አጣች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለም። መንገድ መሪ ፍለጋ ቆቦን አዳረሰች፤ የጥንድ ባሕርን ስም የሰማ ሁሉ ግን ድንገት ሥራ ይበዛበታል። እሺ ያላት የሮቢቱ በቅሎ ጫኝ ይግዛው ብቻ ነበር።

ምክንያቱን የነገራት ትናንት ማታ ነው። ታናሽ ወንድሙ ጌታሁን ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የጠፋች በቅሎ ሊፈልግ ወደ ሸለቆው ገብቶ ቀረ። ደንቡ ሁለት ሆኖ መግባት ነው። ይግዛው ግን የዚያን ቀን ደክሞት «እዚህ ሆኜ ልጠብቅህ» ብሎ በሩ ላይ ተቀመጠ። ጉም ወረደ፤ ጌታሁን አልወጣም። ካህናቱ ሞቱን ያየ በሌለበት ፍትሐት አንፈታም አሉ። እናታቸው ጌጤም ይኸው እስከ ዛሬ አላለቀሰችም፣ ተስፋም አልቆረጠችም።

«አንቺ በረዶሽን ፈልጊ» አላት ይግዛው። «እኔ ወንድሜን እፈልጋለሁ። እናቴ ሳትሞት ቁርጡን ልንገራት።»

አንድ ነገር ግን ሳይነግራት ቀረ፤ የጌታሁን ድንጋይ ከሠላሳው የትኛው እንደሆነ። ራሱም ዓይኑን ጣል ሊያደርግበት አልደፈረም። ጀርባውን ሰጥቶ የበቅሎዋን መቀነቻ ሲያጠብቅ፣ ፍሬዓለም ከክምሩ ላይ አንድ ጥቁር ድንጋይ አየች። ፊቱ ልስልስ ነው፤ ጎን ለጎን የሄዱ ቀጫጭን ጭረቶች አሉበት። ልክ መማሪያ መጽሐፉ ላይ እንዳለው። ቀስ ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሸለቆው ዝም ያለ ነው። ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች በጓሳው ሣር መሐል ተነጣጥለው ቆመዋል፤ ከሩቅ ሲያዩዋቸው መንገደኛ ይመስላሉ፤ ቀርበውም ቢሆን አያምኑዋቸውም። የመጀመሪያው ሐይቅ ከገደል ሥር ጠቁሮ ተኝቷል። ወፍ አይዞርበትም። ፍሬዓለም ካሜራዋን ስታወጣ ሰማዩ ጠቆረና በረዶው ወረደ። በቅሎዋን ይዘው ወደ ቋጥኝ ሥር ሮጡ፤ ጠጠሩ ጆሯቸውን እየገረፈ ጓሳውን ነጭ አደረገው። ሲያባራ ጉሙ ከሐይቁ ላይ ተነሥቶ ሁሉን ዋጠ። ገና ስድስት ሰዓት ነው፤ ከጥቂት ርምጃ በላይ ግን አይታያቸውም።

«እንመለስ» አለ ይግዛው።

ጥቂት እንደሄዱ ከኋላቸው ሰሙት። ቋ። ብረት በድንጋይ ላይ። ሁለት ርምጃ፣ ከዚያ ቋ። ፍሬዓለም የገደል ማሚቶ ነው ብላ ራሷን አጽናናች። ሲቆሙ ግን ማሚቶው አልቆመም፤ ሁለት ርምጃ መጥቶ፣ ቋ ብሎ፣ ከዚያ ዝም አለ። በቅሎዋ ጆሮዋን አቁማ ተንቀጠቀጠች።

በስተቀኝ ደግሞ ጅብ ጮኸ። ሌላው መለሰለት። ጉሙ ውስጥ የጎበጠ ትከሻ አለፈ፤ ሽታቸው መጣ። ይግዛው ድንጋይ ወረወረ፤ ጥላው ትንሽ ሸሽቶ እንደገና ተጠጋ።

«መምህር» አለ ይግዛው፣ ዓይኑን ከጉሙ ሳይነቅል። «ያን ብረት አውቀዋለሁ። ቆቦ ገበያ ወስጄ ከወንድሜ ዱላ ጫፍ ያስገጠምኩለት እኔ ነኝ። ከክምሩ የነካሽው ነገር አለ?»

ቦርሳዋን ከፍታ ድንጋዩን ሰጠችው። በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«የጌታሁን ነው።»

«በረዶ የቧጨረው መስሎኝ...»

«ማጭዱን ይስልበት ነበር፤ የዚያን ዕለት ከኪሱ አውጥቶ አኖረው።»

እፍረቱ ከፍርሃቷ በልጦ ፊቷ ጋለ። «አሁን ምን ይሆናል?»

«ድንጋዩ ተነሥቶለታል። እሱ ተመለስኩ ብሎ ነው፤ ወደ ቤቱ እየሄደ ነው።»

ቋ። አሁን ከፊታቸው ነው፤ በስተግራ። እንዴት እንዳለፋቸው አላዩም። ፍሬዓለም ኮምፓሷን አወጣች። በሩ በስተቀኝ ነው፣ ጅቦቹ ባሉበት።

«አንቺ በኮምፓስሽ ሂጂ፣ በቅሎዋንም ውሰጂ» አለ ይግዛው። «እኔ የዚያን ዕለት ቀርቻለሁ። ዛሬ አልቀርም።»

ፍሬዓለም መርፌዋን አየች፤ ወንድሙን ተከትሎ ወደ ጉሙ ሊገባ የተነሣውን ሰውም አየች። ኮምፓሱን ከደነችው። «ሁለት ሆነን ነው የገባነው» አለች።

ድምፁን ተከተሉ። ሲዘገዩ ይዘገያል፤ ሲሳሳቱ ቋ ብሎ ይጠብቃል። ሁለተኛውን ሐይቅ ዳር ዳሩን አዞራቸው፤ ውሃው ከእግራቸው በአንድ ክንድ ርቀት ይንቦጫረቃል። ጅቦቹ እስከ ሐይቁ መጡና እዚያ ቆሙ፤ አንድም አልተከተለም። በመጨረሻ ድምፁ ከአንድ ዋሻ ደጅ ላይ ቆመ፤ ዳግመኛም አልተሰማም።

ጌታሁን እዚያ ነበር። አጥንቱ በጎኑ እንደተኛ ሰው እጥፍ ብሎ፣ የታፋው አጥንት ተሰብሮ፣ የበቅሎ ገመድ እጁ ላይ እንደተጠመጠመ። ባለብረቱ ዱላ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፤ አሥራ አንድ ዓመት የተቀመጠ ዱላ ነው፣ የብረቱ ጫፍ ግን ገና እርጥብ ነው። ይግዛው ጋቢውን አውልቆ አነጠፈና አንድ በአንድ ሰበሰበው። «ይቅር በለኝ» ይል ነበር። ፍሬዓለም ስታግዘው እጇ ግድግዳውን ነካ። ዓለቱ ልስልስ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰው ያልሳለው ረጃጅም ጭረት አለበት። የመጣችበት ነገር ይኸው ነበር። ካሜራዋን አላወጣችም።

ጉሙ ሲገለጥ በሩ ከዋሻው በላይ ታየ። ኮምፓሱ ባሳያት አቅጣጫ ግን መሬቱ ድንገት ተቆርጦ ነበር፤ ገደሉ ሥር ጅቦቹ እየዞሩ ነበር።

ክምሩ ጋ ሁለቱም የየራሳቸውን ድንጋይ ወረወሩ። የጌታሁንን ይግዛው ለመምህርቷ ሰጣት።

«አንቺ ያነሣሽውን አንቺ ወርውሪው።»

ወረወረችው። ለረጅም ጊዜ ሲንከባለል ሰሙት።

በማግሥቱ እኩለ ቀን ሮቢት ሲገቡ ጌጤ ደጃፍ ተቀምጣ ማሽላ ትፈለፍል ነበር። ዓይኗ ደክሟል። የእግር ድምፅ ሰምታ ቀና አለች።

«ስንት ሆናችሁ መጣችሁ?»

ይግዛው ያቀፈውን ጋቢ ቀስ ብሎ ከፊቷ አኖረ። ያላየችውን ነገር ስታስተምር የከረመችው መምህርት ጎንበስ ብላ የአሮጊቷን እጅ ያዘች።

«ሦስት ነን፣ እማማ» አለች።

ጌጤ ለሦስታቸውም «እንኳን ደህና ገባችሁ» አለች። ከዚያ ነጠላዋን አውልቃ፣ ዘቅዝቃ ለበሰችና አሥራ አንድ ዓመት የቆየውን ለቅሶ አለቀሰች።