የአሻንጉሊቶቿ ግማሽ ዋጋ

ካርቶኑ ሲከፈት ሦስት ራሰ በራ ጭንቅላቶች ተንከባለው ወጡ። ዓይን የላቸውም። አንደኛው ባንኮኒው ላይ እየተሽከረከረ ሄዶ የቀረጥ ሠራተኛው ክርን ሥር ቆመ።

«ኧረ ጉድ!» አሉ ከኋላ የተሰለፉ ሴትዮ።

ሠራተኛው አልሳቀም። ጭንቅላቱን በሁለት ጣቶቹ አንሥቶ ግራና ቀኝ አገላብጦ አየውና ብዕሩን ቅጹ ላይ አሳረፈ።

«ምን ብዬ ልጻፍልዎት?»

«የአሻንጉሊት ጭንቅላት» አለች የካርቶኑ ባለቤት፤ ፊቷ ቲማቲም መስሎ።

«አካሉስ?»

«አካሉ በሌላ ጥቅል ይመጣል። ዓይኑም ለብቻው ነው። ጸጉሩም ለብቻው።»

«ታዲያ አንድ ሰው እስኪሞላ ድረስ ስንት ጊዜ ልንገናኝ ነው?»

የጠየቀው ለሥራው ነበር። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ግን ሁለቱም አፈሩ። እሱ ማኅተሙን ፍለጋ ጎንበስ አለ፤ ማኅተሙ እጁ ላይ ነበር።

ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። የምትሠራው ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራበት ቤት ውስጥ ሲሆን፣ ባልደረቦቿ «ጥርሴ» ይሏታል። አንድ ጥርስ ከጎረቤቶቹ ጋር እንዲመሳሰል ምን ያህል ቢጫ፣ ምን ያህል ግራጫ ጠብ እንደሚደረግበት ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ከሥራ ስትመለስ ደግሞ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የአሻንጉሊቶችን የፋብሪካ ፊት ቀለም በሚያስለቅቅ አሴቶን ትጠርጋለች። ሁሉም አንድ ዓይነት ፈገግታ ይዘው ነው የሚመጡት። እሷ በጸጉር በቀጠነ ብሩሽ ለእያንዳንዷ የራሷን ፊት ትሰጣታለች፤ ለአንዷ ጠቃጠቆ፣ ለአንዷ ከፍ ያለች ቅንድብ፣ ለአንዷ ከረጅም መንገድ የመጣ ሰው ድካም። መደርደሪያዋ ላይ ሃያ ደርሰዋል።

ደስታው ግን በነፃ አልነበረም። የአንዷ አካል ብቻ የደመወዟን ግማሽ ይበላል። ከዚያ የመስታወት ዓይን አለ፣ ዊግ አለ፣ ቀለሙ እንዳይለቅ የሚረጭ ነገር አለ፣ ጫማ አለ። ከአሻንጉሊቶቹ ጫማዎች አንዱ እሷ ራሷ ከምትጫማው ይወደድ ነበር። አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ፣ ነርሷ፣ «ይቺ ደግሞ ስንት ፈጀች?» ብላ በጠየቀቻት ቁጥር ጥርሴ ዋጋውን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ትናገራለች። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትል ከርማ፣ ግማሹ ራሱ እውነት እየመሰላት መጥቶ ነበር።

የቀረጥ ሠራተኛውን መሥሪያ ቤቱ «ማኅተም» ነው የሚለው። አንድ ሳንቲም አይቀንስም፣ አንድ ሳንቲም አይጨምርም።

«ትንሽ እንኳን አይቀነስልኝም?» አለችው በሦስተኛው ጥቅል።

«ለእርስዎ ብቀንስ ከኋላዎ በተሰለፈው ሰው ቀለድኩ ማለት ነው።»

ተናዳ ወጣች። አውቶቡስ ላይ ስታስበው ግን ንዴቷ በረደ። ይሄ ሰውዬ ማንንም አያታልልም አለች በሆዷ።

በአራተኛው ጥቅል እሱ ራሱ ጀመረ። «ያቺ ተንከባላ የመጣችብኝ ምን ደረሰች?»

ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችው። ማኅተም አቀርቅሮ ብዙ አየ። ሰልፉ ማጉረምረም ጀመረ።

«አኩርፋለች» አለ በመጨረሻ።

«ለምን ይመስልዎታል?»

«ቀረጥ በዝቶባት ይሆናላ።»

በዚያ ቀን ከሥራ ሲወጣ ከበሩ ማዶ ቆማ አገኛት። ሻይ ጠጡ። ሻዩ ሳያልቅ «እርስዎ» መባባሉ ቀረ፤ ማን አስቀድሞ እንደተወው ግን እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

በተዋወቁ በስምንተኛው ወር እንጋባ ተባባሉ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ኬክ ቤት ገብተው ስለሚከራዩት ቤት ይነጋገሩ ጀመር። እሱ ትንሽ ደብተር ይዟል፤ ኪራይ፣ መብራት፣ ትራንስፖርት እያለ ይጽፋል።

«ለአሻንጉሊቶቹስ በወር ስንት እንያዝ?» አላት።

አላሰበችበትም፤ ምላሷ የለመደውን አደረገ። ግማሹን ተናገረች።

ማኅተም ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ውስጥ የሆነ ነገር ሲጠፋ አየች፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባትም። ያለችውን ቁጥር ጻፈና ደብተሩን ዘጋ። «ኬኩ ጥሩ ነው» አለ። ኬኩን ግን አልነካውም።

ሳምንቱን ሙሉ አልደወለም። ስትደውልለት «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይላታል፤ ሥራ የበዛበት ሰው ድምፅ አልነበረም። እሷም ኩራት ያዛትና መደወሉን ተወችው።

ረቡዕ ዕለት ጥቅል መጣላት። ባንኮኒው ላይ ማኅተም ቅጹን ሞልቶ በጣቱ ወደ እሷ ገፋው።

«ፊርማሽን እዚህ ጋ።»

ልትፈርም ስትጎነበስ የዕቃውን ዋጋ አየችው። ሙሉውን። ከስምንት ወር ወዲህ በእጁ ያላለፈ፣ ያልገመተው፣ እሷ ከሥሩ ያልፈረመችበት ጥቅል አልነበረም። በዓለም ላይ ያወጣችውን እስከ ሳንቲሙ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው፤ የዋሸችውም እሱን ነው። ብዕሩ እጇ ላይ እንዳለ ቀና አለች።

«ማኅተምዬ…»

«ቀጣይ!» አለ፤ ድምፁ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

ቤት ገብታ ለእህቷ ሁሉንም ዘረገፈችላት። ስድስት ዓመት የደበቀቻትንም ጭምር። ነርሷ ልብስ ማጠፏን ሳታቆም ሰማቻት።

«እታለም፣ አልተናደድሽም?»

«ምን ያናድደኛል? እኔ እኮ አንቺ የምትይኝን ሁሌ እጥፍ አድርጌ ነው የምሰማው።»

«ታውቂ ነበር? ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ገንዘቡ ያንቺ ነው፤ ላብሽን አፍስሰሽ ያመጣሽው። ለእኔ የሚደርሰኝ ውሸቱ ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ለመድኩት። ያ ልጅ ግን ገና አልለመደም። ባይለምደው ነው የሚሻለው፤ ተነሺ!»

በማግስቱ መሥሪያ ቤቱ ሲዘጋ ጥርሴ በሠራተኞች መውጫ በኩል ጠበቀችው። ሲወጣ ሁለት ገጽ ወረቀት ሰጠችው። የስድስት ዓመቱ ወጪ ነው፤ ከመጀመሪያዋ አሻንጉሊት እስከ ረቡዕዋ።

«ምንም አልቀነስኩም» አለች።

ማኅተም ግድግዳውን ተደግፎ አነበበ። ድምሩ ላይ ሲደርስ ቅንድቡ ከፍ አለ፤ ከስምንት ወር በፊት ያለውን አያውቅም ነበርና።

«አፍሬ ነው» አለች። «ስንት ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ቀጥሎ የሚስቅብኝ ይመስለኛል። አየህ፣ ቀኑን ሙሉ የምሠራው እንዳይታወቅ ነው። ጥርሱ ሰው ሠራሽ መሆኑ ከታወቀ አበላሽቻለሁ ማለት ነው። እቤት የምሠራው ግን እንዲታይ ነው። ለዚያ ነው የምከፍለው።»

ወረቀቱን እንደገና ከላይ ጀምሮ አየው። አውቶቡስ መጥቶ አለፈ።

«እኔ ቁጥሩን ፈርቼ አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። «የፈራሽኝ መስሎኝ ነው ያዘንኩት። ደግሞ እኔም ደህና ሰው አይደለሁም። መልሱን እያወቅሁ ነበር የጠየቅሁሽ። ልፈትንሽ። የሚወዱትን ሰው እንደዚያ አያደርጉም።»

«ቀረጥ ገማች መሆንህን ረስቼው!»

ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ አደረገች። ማኅተም ወረቀቱን አጣጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና እጇን ያዘ።

ዘጠኝ አስቀርታ ሌሎቹን አሻንጉሊቶች ልትሸጥ የወሰነችው በራሷ ነው። እሱ ሲሰማ ተቃወመ።

«ለእኔ ብለሽ ከሆነ አይሆንም።»

«ለአንተ ብዬ አይደለም። የቀባሁትን ፊት የማያውቀኝ ሰው ከፍሎበት ወዶት ሲሄድ አንዴ ማየት አምሮኝ ነው።»

አየችም። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ባለ ጠቃጠቆዋን መርጠው፣ በሻርፓቸው ጠቅልለው፣ እንደ እንቁላል ይዘዋት ሄዱ። ያወጣችው ሁሉ አልተመለሰላትም፤ የዓይኗን ድካም የከፈላትም የለም። ነገር ግን ሁለት ሰዎች የአሻንጉሊት ፊት እንድትሠራላቸው ቀብድ ሰጥተዋት ሄዱ። ማታ መደርደሪያው ላይ ክፍተቱን ስታይ የቀሩትን ዘጠኙን ራቅ ራቅ አድርጋ ደረደረቻቸው፤ ያዘነች ግን አልመሰላትም።

በተገኘው ገንዘብ የኪራዩን ቅድሚያ ሊከፍሉ ሁለቱ ቤት ሊያዩ ሄዱ። ሁለት ክፍል ነው፤ ትልቅ መስኮት አለው፤ ብርሃኑ ለሥራዋ የተሠራ ይመስላል። አከራይዋ ወፍራም፣ ጨዋታ ወዳድ ሴት ናቸው።

«ልጆች አሏችሁ?» አሉ።

ማኅተም ሳቁን ዋጥ አድርጎ «ዘጠኝ» አለ።

«ዘጠኝ?!» አከራይዋ ጥርሴን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «በዚህ ወገብ?»

«አሻንጉሊቶች ናቸው እማማ፤ እሱ ሲቀልድ ነው» አለች ጥርሴ። «እኔ ነኝ የምሠራቸው።»

«አሃ! ልቤን አወረዳችሁት እኮ! ለመሆኑ ውድ ናቸው?»

ጥርሴ አፏን ከፈተች። ማኅተም መስኮቱን የሚያይ መስሎ ጆሮውን ወደ እሷ አደረገ። እሷም የአንዷን ዋጋ ተናገረች፤ አካሉን፣ ዓይኑን፣ ጸጉሩን፣ ቀረጡን ጨምራ፣ እስከ ሳንቲሙ።

አከራይዋ ደረጃው ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ።

«ወይ እኔ! ኪራዩን አሳንሼ ነው የጠራሁላችሁ ማለት ነው!»

ሦስቱም በሳቅ ፈረሱ። ኪራዩ ግን አልተጨመረም። ወሩ ሳይሞላ ተጋብተው ገቡ፤ ነርሷም መሰርሰሪያ ተውሳ መጥታ መደርደሪያውን ራሷ ሰቀለችው፤ ትንሽ ወደ ግራ ዘመም ብሏል፤ ማንም አላረመውም።