አንድ ቁጥር ብቻ

«ሁላችሁም ኤክስን መሀል አስቀምጣችኋል» አሉ የሒሳብ መምህሩ፣ የታረሙትን የፈተና ወረቀቶች እያደሉ። «ከአንዷ በስተቀር።»

ክፍሉ በሙሉ ወደ ሦስተኛው ዴስክ ዞረ። አንዷ ማን እንደሆነች ለመገመት ማንም አልተቸገረም። የክፍል ጓደኞቿ «ጠበቃ» የሚሏት በከንቱ አይደለም፤ መስኮቱ ይከፈት አይከፈት በሚለው ጉዳይ እንኳ ሳትከራከር የዋለችበት ቀን የለም። ወረቀቷን ተቀብላ የመጨረሻውን ጥያቄ አየች። አጠገቡ በቀይ እስክሪብቶ ከስድስት ዜሮ ተቀምጧል፤ ደግሞም ተከቧል።

ጥያቄው ስለ አንድ አናጢ ነበር። አናጢው አራት ማዕዘን ጠረጴዛ ሊሠራ ይፈልጋል። የጠረጴዛው ወርድ ከርዝመቱ በ20 ሳንቲ ሜትር ያንሳል። ዙሪያው ከ400 ሳንቲ ሜትር ማነስ የለበትም፤ ርዝመቱ ግን ከ100 ሳንቲ ሜትር ማነስ አለበት። ርዝመቱ ስንት ሊሆን ይችላል?

ጠበቃ ርዝመቱን ኤክስ ብላ ሠርታዋለች። ዙሪያው 400 እንዲሞላ ርዝመቱ ቢያንስ 110 መሆን አለበት። ሌላው ሁኔታ ደግሞ ከ100 ይነስ ይላል። ሁለቱንም የሚያሟላ ቁጥር ፈለገች፣ አጣች፤ ስሌቱን ከመጀመሪያው ደግማ ሠርታ እንደገና ፈለገች። በመጨረሻ «እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ሊሠራ አይችልም» ብላ ጻፈች።

መምህሩ ትክክለኛ ያሉትን መልስ ሰሌዳው ላይ ጻፉት፦ 110 ≤ x < 100።

ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ነው የተማሩት። «ሁለት ሁኔታ ሲሰጣችሁ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላሉ መምህሩ፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ኤክስ መሀል!» ይላል። አንዱ ቁጥር በግራ፣ ሌላው በቀኝ፣ ኤክስ መሀል። እስከ ዛሬ የተሰጧቸው ቁጥሮች ሁሉ ጨዋ ስለነበሩ ዘዴው አስቸግሮ አያውቅም።

«ቲቸር፣ ይሄ እኮ 110 ከ100 ያንሳል ማለት ነው» አለች ጠበቃ።

«ተነስተሽ ተናገሪ።»

ተነሳች። «እስቲ አንድ ቁጥር ይንገሩኝ። ከ110 የማያንስ፣ ከ100 ደግሞ የሚያንስ። አንድ ብቻ። ከተገኘ ዜሮዬን ተቀብዬ እቀመጣለሁ።»

ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ። የመምህሩ ፊት ተለዋወጠ።

«እኔ ካንቺ ጋር ገበያ አልወጣሁም» አሉ። «መልስ የሌለው ጥያቄ ፈተና ላይ አላወጣም። ነገ ጠዋት እርማትሽን ይዘሽ ነይ።»

እርማት የእሳቸው ክፍል ደንብ ነው። ነጥብ የጎደለበት ተማሪ ሰሌዳው ላይ ያለውን መልስ በንጹሕ ወረቀት ይገለብጣል፤ ከሥሩ «ትክክለኛውን መልስ ተረድቻለሁ» ብሎ ይጽፍና ይፈርማል። ከጎደለው ነጥብ ግማሹ ይመለስለታል። ለጠበቃ ያ ግማሽ ትልቅ ነገር ነበር። ከተመለሰላት ትምህርት ቤቱን ወክለው በሒሳብ ውድድር ከሚሰለፉት አንዷ ትሆናለች፤ ካልተመለሰላት ትቀራለች። ውድድሩን ካምና ጀምራ ነው ስትጠብቀው የኖረችው።

«በናትሽ ዝም ብለሽ ገልብጪው» አለቻት ሬዲዮ፣ ከክፍል ሲወጡ። ሬዲዮ ከጎኗ የምትቀመጥ ጓደኛዋ ናት፤ ስሙን ያተረፈችው ከጠዋት እስከ ማታ ስለማትዘጋ ነው። «አንድ መስመር እኮ ነው። ደግሞ በሰው ፊት ሙድ አትያዥባቸው።»

«ሙድ አልያዝኩም። ቁጥሩ የለም ነው ያልኩት። አንቺ ካለሽ ንገሪኝ።»

ሬዲዮ የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው።

«እኔም አጥቼ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«ምኑን?»

«ቁጥሩን። ፈተናው ላይ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። ከዚያ እሳቸው ምን እንደሚወዱ አሰብኩና ኤክስን መሀል አደረግኩት።»

«እና እኔ ብቻዬን ቆሜ ስለፈልፍ ቁጭ ብለሽ ታይኛለሽ?»

«ምን ላድርግ? ተያይዘን ውድድሩ ውስጥ እንድንገባ ብዬ እኮ ነው።»

ጠበቃ በመምህሩ ከተናደደችው በላይ በሬዲዮ ተናደደች። እሳቸው ቢያንስ የጻፉትን አምነውበታል። ደህና ዋይ እንኳ ሳትላት በሩ ላይ ጥላት ሄደች።

ከትምህርት በኋላ የምትቆየው ታላቅ እህቷ ፀጉር ቤት ነው። እህቷ የአንዷን ደንበኛ ፀጉር ጠቅልላ ካስክ ውስጥ አስቀምጣታለች፤ ማድረቂያው ስለሚጮህ ሴትየዋ የሚወራውን አትሰማም።

«እትዬ፣ አንዷ መጥታ ‹ፀጉሬ ከትከሻዬ በታች ይውረድ፣ ግን ከጆሮዬ በላይ ይቆረጥ› ብትልሽ ምን ትያታለሽ?»

«እንዲህ የሚሉ ሞልተዋል» አለች እህቷ ወለሉን እየጠረገች። «እሺ እላታለሁ።»

«እሺ ብለሽስ?»

«እንደ መሰለኝ እቆርጣታለሁ። ከዚያ ወጥታ እስክትሄድ ድረስ ቆንጆ ነሽ፣ ቆንጆ ነሽ እላታለሁ።»

ጠበቃ ሳትወድ ሳቀች። ከዚያ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። እህቷ መጥረጊያውን ተደግፋ ሰማቻት።

«ጻፊላቸውና ተገላገይ» አለች በመጨረሻ። «እጅሽ ይጻፍ፣ ልብሽ የራሱን ይዞ ይቀመጥ። ማን ያይብሻል?»

«ከሥሩ ‹ተረድቻለሁ› ብዬ ነው እኮ የምፈርመው።»

«እና?»

«አልተረዳሁማ! አንቺ የምትዋሻት ሴትዮ ፀጉሯ ተመልሶ ያድጋል። እኔ በዚህ ከገባሁ ውድድሩ ላይ ምን ብዬ ነው የምቀመጠው?»

እህቷ በመስታወቱ ውስጥ ትክ ብላ አየቻት። «ይሄን ድርቅና ከማን ነው የወረስሽው?»

«ካንቺ።»

«በይ ተነሽና ፎጣዎቹን እጠፊ።»

ፎጣዎቹን አጥፋ ጥግ ላይ ተቀመጠችና ንጹሕ ወረቀት አወጣች። የቁጥር መስመር ሠራች። ከ110 ወደ ቀኝ አንድ ቀስት፣ ከ100 ወደ ግራ ሌላ ቀስት። ሁለቱ ቀስቶች እንደተኳረፉ ሰዎች ጀርባ ተሰጣጥተው ሄዱ፤ የሚገናኙበት ቦታ የለም። ውድድሩን ግን በጣም ትፈልገው ነበር። እንባዋ መጣ፤ ዋጠችው።

በማግስቱ ጠዋት ተማሪዎቹ እርማታቸውን ጠረጴዛው ላይ ሲከምሩ እሷ መጨረሻ ላይ ሄደች። መምህሩ ወረቀቷን ከክምሩ ላይ አነሱት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እርማቴ ነው፣ ቲቸር።»

«መልሱ የታለ?»

«ከቀስቶቹ ሥር። ‹የለም› ይላል። ትክክለኛውን መልስ ተረድቻለሁ ብዬ ፈርሜበታለሁ።»

መምህሩ ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጠመኔ አነሱና ሰሌዳው ጥግ ላይ 105 ብለው ጻፉ። ጻፉና ቆሙ።

«ሁለቱንም አያሟላም» አለ አንድ ድምፅ ከሦስተኛው ዴስክ። ሬዲዮ ነበረች፤ ተነስታ ቆማለች። «ፈተናው ላይ እኔም ሞክሬው ነበር፣ ቲቸር። ከ110 ያንሳል፣ ከ100 ደግሞ ይበልጣል።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ? ስድስቱን ነጥብ አግኝተሽ የለም እንዴ?»

«አግኝቻለሁ» አለች ሬዲዮ፤ ግን አልተቀመጠችም።

መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጡና ወደ ጠበቃ ዞሩ። ድምፃቸው ከትናንቱ ዝቅ ብሏል። «የተወዳዳሪዎቹ ስም ዛሬ ነው የሚለጠፈው። እስኪደወል ጊዜ አለሽ። ወስደሽ አስተካክለሽ አምጪው።»

ወረቀቱን ዘረጉላት። ጠበቃ ወረቀቱን አየችው፤ ሁለቱ ቀስቶች ባሉበት አሉ፤ ፊርማዋም ከሥራቸው አለ። እጇን አልዘረጋችም።

«ጨርሻለሁ፣ ቲቸር» አለችና ሬዲዮ ወደቆመችበት ዴስክ ተመለሰች።