አቤት ያለ ይሰማል

የጥሪው ቀንድ ከአርዋዳ ቤተ መንግሥት በተሰረቀበት ማለዳ የአገሩ በሬዎች ሁሉ ቀንበር እምቢ አሉ። ገበሬው ጅራፉን ቢያጮህም ቢለማመጥም፣ በሬዎቹ ከእርሻው መካከል ተንበርክከው አፈሩን ያሸቱ ነበር። ጠንቋዮች ተሰብስበው «መልካም ምልክት ነው» አሉ፤ ጠንቋይ መቼም ንግሥት ፊት ሲቆም ሌላ ምልክት አይታየውም።

ቀንዱ የጥንት ጎሽ ቀንድ ነበር፤ ርዝመቱ ከሰው ቁመት ይበልጣል። በአርዋዳ ባሪያ ሆኖ የተወለደ ሕፃን ሁሉ፣ ጌታው ያወጣለት ስም በቀንዱ አፍ ይነገርበታል። ከዚያ ወዲያ ቀንዱ ተነፍቶ ስሙ ሲጠራ፣ የትም ይሁን የት፣ አፉ «አቤት» ይላል፤ እግሩም ወደ ጠሪው ይገሰግሳል። ጥሪው እስኪለቀው ድረስ ከ«አቤት» በቀር ሌላ ቃል ከአንደበቱ አይወጣም። ይህን አስማት የሠራው የመጀመሪያው ንጉሥ ጨርሶ ልበ ደንዳና አልነበረም መሰለኝ፣ በቀንዱ ላይ ሦስት ቃል አስሮበታል፦ «ቀንዱ የጠራው ይመጣል። አቤት ያለ ይሰማል። ዋስ የሆነ ይከፍላል።» ቃሉም በየዓመቱ በአደባባይ ይነገር ነበር። ሕዝቡ ግን የመጀመሪያዋን ቃል ሰምቶ ወደ ግብሩ ይሮጣል።

ንግሥት ምዕላድ በነገሠች ማግስት «በአርዋዳ ምድር ሰው አይሸጥም፤ ሰው አይገዛም» ብላ ነጋሪት አስጎሰመች። ላይኛው አገር እልል አለ። ጥጡም ሸንኮራውም በባሪያ ትከሻ የሚለማበት ታችኛው አገር ግን የንግሥቲቱን አጎት ራስ አንበርብርን ይዞ ሸፈተ። በመጀመሪያው በጋ ድሉ የንግሥቲቱ ነበር። ከታች ያመለጡ ባሪያዎች እየጎረፉ ወደ ሰፈሯ ገቡ፤ ጋሻና ጦርም ተሰጣቸው። ራስ አንበርብር ይህን ባየ ጊዜ ነው ቀንዱን ያሰረቀው።

በገሞል ወንዝ ዳር ውጊያው ሲፋፋም ከማዶ ቀንዱ ጮኸ። ነጻ የወጡት ወታደሮች ባሉበት ደርቀው ቆሙ። ቀጥሎ «አቤት»፣ «አቤት» እያሉ ወደ ውሃው ገቡ። የተጠራ ሰው ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ገደልም ጎርፍም አያይም። ብዙው ሰጠመ። የተሻገረው በማግስቱ ከራስ አንበርብር ጦር ፊት ተሰልፎ ጦሩን በትናንት ጓዶቹ ላይ አነሣ። ከነዚህ አንዱ የሲሳይነሽ መንታ ወንድም ነበር።

ሲሳይነሽ በንግሥቲቱ ሰፈር የቁስለኛ አስታማሚ ነበረች። ራስ አንበርብር ወንዶቹን ብቻ ስለጠራ እሷ ቀርታለች። መንታዎቹን ይዛ ከታች አገር ያመለጠችው እናታቸው ነበረች። ጌታቸው ለወንዱ «ይታዘዝ» የሚል ስም አውጥቶለት ነበር፤ እናቱ ግን ቀንዱ የማያውቀውን ስም በጆሮው አንሾካሹካለታለች፤ መከታ። ለሴቷ ጌታው ያወጣላትን ስም ግን ወደደችውና ተወችው። ገና በታች አገር ሳሉ ልጆቹ ሲጠራሩ «ወይ» ይባባላሉ፤ እናታቸው ትቆጣለች። «አቤት በሉ። ወይ የጨዋ፣ የነጻ ሰው ልጅ መልስ ነው። አፋችሁ ከለመደ በጌታ ፊት ያመልጣችኋል» ትላለች። እነሱ ግን ጓዳ ገብተው «ወይ» ይባባሉና በሳቅ ይፈርሱ ነበር።

ጦርነቱ ረዘመ። እርሻው ዳዋ ለበሰ፤ በላይኛው አገር ለቅሶ ያልገባበት ደጅ ታጣ። በመጨረሻ መኳንንቱ ንግሥቲቱ ፊት ቀረቡ።

«ንግሥት ሆይ» አለ ከመካከላቸው ሽማግሌው፣ «ልጆቻችን ለማን ይሞታሉ? ተነሥተው ለሚከዱን? ባሪያዎቹን ለራስ አንበርብር እንመልስና ሰላም እንግዛ።»

 ንግሥቲቱ እሺ ልትል ምንም አልቀራትም። በዚህ ጊዜ ሲሳይነሽ የቁስለኛ ደም በነካው ቀሚሷ ገብታ መሬት ሳመች።

«እነሱ አልከዱም፤ ተጠሩ እንጂ። ይፍቀዱልኝ፣ ወንድሜን ላምጣ።»

«ቀንዱ ዘንድ ማን ያደርስሻል?» አለች ንግሥቲቱ።

«ቀንዱ ራሱ። ዛሬ ነገ የሴቶቹንም ስም መጥራቱ አይቀርም። ያን ጊዜ መንገድ መጠየቅ አያሻኝም።»

«ደርሰሽስ?»

«አቤት እላለሁ። አቤት ያለ ይሰማል ተብሎ የለም?»

 በአዳራሹ ያሉት ሁሉ ቃሉን ያውቁት ነበር፤ ያን ቀን ግን ገና ሰሙት።

«ዋስ ያስፈልግሻል» አለች ንግሥቲቱ። «አቤቱታሽ ከተሰማ ቀንዱ ይፈርሳል፤ ሲፈርስም ዋሱ በነፍሱ ይከፍላል።»

«ዋሷ እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ ጣሪያውን አናጋው። ተናጋሪው ጓንጉል ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ የመታው ነጋሪት ጆሮውን የደፈነው ሽማግሌ። ሰው የሚለውን ከከንፈር ያነባል፤ የራሱን ድምፅ ልክ ግን አያውቅም። «እኔን ቀንድ አይጠራኝ፣ ስም የሚጠራ ጅብ አያታልለኝ። ከእኔ የተሻለ ጓደኛ ከየት ታመጣለች?»

እውነቱን ነው፤ ሁሉም በደስታ ተስማማ።

ብዙም ሳይቆይ የሴቶቹ ስም ተጠራ። ሲሳይነሽ «አቤት» ብላ ተነሣች። ጓንጉል ወገቧን በገመድ አስሮ ጫፉን በራሱ ወገብ ቋጠረ። ገደል ሲመጣ ይጎትታታል፤ ወንዝ ሲመጣ ወደ መሻገሪያው መልካ ይመልሳታል። ሌሎቹ ሴቶች ግን ገመድ የሚይዝላቸው አልነበረምና ከየገደሉ አፋፍ ሲወድቁ ሲሳይነሽና ጓንጉል ዓይናቸው እያየ አለፉ። ጓንጉል የደረሰባትን ሴት ሁሉ ጎትቶ ወደ መንገዱ ይመልስ ነበር፤ እጁ ግን ሁለት ብቻ ነው። በጨለቆ ረግረግ ስም ጠሪ ጅቦቹ ከበቧቸው፤ በሟች ዘመድ ድምፅ «ነይ፣ እዚህ ነን» ይላሉ። ጓንጉል አንዱንም ሳይሰማ በዱላው መንገድ እየከፈተ አለፈ።

ሊያጽናናት ሲል ያወራት ነበር። «ደከመሽ?» ይላታል። ከንፈሯ «አቤት» ይላል። «ከሚስቴ ትሻያለሽ፤ እሷ አንድ ቀን እንኳ አቤት ብላኝ አታውቅም።» ሲሳይነሽ መሳቅ ፈለገች፤ አልቻለችም። እንባዋ ብቻ ወረደ።

የራስ አንበርብር ሰፈር ሲደርሱ ጓንጉል ገመዱን ቆርጦ ከተሸካሚዎች ጋር ተቀላቀለ። ከንፈሯን ሊያይበት የሚችልበት ቦታ መርጦ ቆመ። ቀንዱ በአደባባዩ መካከል በአራት ምሰሶ ላይ ተጋድሟል፤ ከሥሩ ራስ አንበርብር ተቀምጧል። የተጠሩት በረድፍ ቆመዋል። ከፊተኛው ረድፍ መከታ ነበር፤ ከስቷል፣ ዓይኑ ከፊቱ ካለው አየር በቀር የሚያየው የለውም።

«ሲሳይነሽ» ተባለች።

«አቤት» አለ አፏ።

«ከሴቶቹ ጋር ቁሚ።»

እግሯ ሊታዘዝ ሲነሣ እንደምንም ተከለችው። ለአንደበቷ የተተወላት አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። ያቺኑ ቃል ማንም ሳይጠራት ደገመቻት።

«አቤት» አለች። እንደገናም፣ በደል የደረሰበት ሰው በንጉሥ ደጅ እንደሚጮኸው አስረዝማ፣ «አቤት» አለች።

የቀንዱ ነፊ ትንፋሹ ተቋረጠ። የራስ አንበርብር አፍ ሳይወድ በግድ ተከፈተ። «ተናገሪ» አላት፤ አንደበቷም ተፈታ።

«ስማችን በዚህ ቀንድ ታስሯል። ፍታን። የማትፈታን ከሆነ ምክንያትህን በአደባባይ ንገረን። እኛን ማን ሰጠህ?»

«አባቴ ያወረሰኝ ናችሁ።»

«ለአባትህስ?»

«አባቱ።»

«የመጀመሪያውስ አባት ከማን ገዛን? ከፈጣሪ?»

 ያን ጊዜ ማንም ሳይነፋው ቀንዱ ራሱ በሽማግሌ ድምፅ ተናገረ። «ተሰምቷል። ዋስ ጥሪ።»

ይህን ጊዜ ጭፍራው ተሸብሮ ተተራመሰ። ጓንጉል የሚገፉትን ሊመክት ፊቱን አዙሮ ነበር።

«ጓንጉል» አለች። አልዞረም። ደግማ ጠራችው። ጀርባው ብቻ ነው የሚታያት።

ዕቅዱ ሁሉ የተሠራው ጥሪ በማይሰማ ሰው ላይ ነበር። ዋስ ደግሞ ሲጠሩት የሚመልስ ሰው ነው። ይህን ንግሥቲቱም፣ መኳንንቱም፣ እሷም አላሰቡትም።

«ዋስ የሌለው አቤቱታ ይወድቃል» አለ ቀንዱ።

ሲሳይነሽ የተሰለፉትን አየች። ጌታ ባወጣው ስም ብትጠራቸው ሁሉም ይመጣሉ፤ እንደዚያ ተገዶ የመጣ ግን ዋስ አይባልም፣ ያው ባርነት ነው። ወደው ሊመጡ የሚችሉበት ስም ያላት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ልታመጣው የመጣችው እሱን ነው። ስትጠራው ምን እንደምታደርግ አሳምራ ታውቅ ነበር።

«መከታ» አለች፣ ከጓዳ ወደ ጓዳ እንደሚጠራሩት በቀስታ።

ወንድሟ አንገቱን ቀና አደረገ። ዓይኑ ፈልጎ አገኛት። ከእሷ ወደ ቀንዱ፣ ከቀንዱ ወደ እሷ ተመለከተ፤ ጊዜ ወስዶ አሰበበት። ጦሩን መሬት ላይ አኖረና ከረድፉ ወጣ።

«ወይ» አላት።

ቀንዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰነጠቀ። መከታ በጉልበቱ ወረደ፤ ሲሳይነሽ ደርሳ ስታቅፈው ትንፋሹ አልነበረም።

በአደባባዩ የሺህ ሰው አንደበት ተፈታ። አንዱ ይሰድባል፣ አንዱ የሚስቱን ስም ይጠራል፣ አንዱ ዝም ብሎ ያለቅሳል። ራስ አንበርብር የገዛ ግንባር ቀደም ጦሩ ዞረበት፤ ክረምቱ ሳይገባ ጦርነቱ አለቀ። የሞቱት ግን የሁለቱም ወገን ልጆች ነበሩና ድሉን የጨፈረበት ጥቂት ሰው ነው። ጓንጉል የድሉን ነጋሪት ምታ ሲሉት እምቢ አለ። «ስትጠራኝ ያልሰማሁ ሰው ምን አስሰማለሁ?» አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሲሳይነሽ ብቻዋን ወደ እናቷ ቤት ተመለሰች። ወሬው ቀድሞ ደርሷት እናቲቱ ደጅ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ አንድ ሰው ብቻ ሲመጣ አይታ አልተነሣችም።

«አንቺ ነሽ የጠራሽው?» አለቻት።

«እኔ ነኝ።»

«በየትኛው ስሙ?»

«አንቺ ባወጣሽለት።»

እናቲቱ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች። «ምን አለሽ ታዲያ?»

«ወይ አለኝ፣ እማዬ።»

እናቷ እንደ ድሮው አልተቆጣችም።